የአያ ደምሌ አውራ ጣት

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ ጎረቤቴ «ወንዝ ዳር ጋኔን አየሁ» ቢለኝ «እሱም አንተን አይቶ ሳይደነግጥ አልቀረም» ብዬው የተኳረፍን ሰዎች ነን፣ እመኑኝ።

ጤፍ ሳጭድ የገዛ እጄን አጨድኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ ጤፉን ካንጓዬ መለየት አቃተኝ እላችኋለሁ! የግራ አውራ ጣቴ በድን ሆነ። ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ዶክተሩ ነርቩ እንደተበጠሰ ነገረኝ፣ ጫፍና ጫፉን በቀጭን ቱቦ ውስጥ አድርጎ የሚያገናኝ አዲስ ሕክምና እየሞከሩ ነበር። «ሞክሩብኝ፣ ከዚህ በላይ አልበላሽም» አልኩት። የይፋጉ አያ ደምሌም እንደኔው ግራ እጁን ቆርጦ ከጎኔ ተኝቶ ነበርና ባንድ ቀን ተሠራን።

ከወራት በኋላ ለምርመራ ስንመለስ ዶክተሩ ዓይናችንን አስጨፍኖ ጣታችንን በጥጥ ይነካካል። የአያ ደምሌን ሲነካ «ተሰማኝ!» ያልኩት እኔ ነኝ።

«አባባ፣ የእርስዎ ተራ ገና ነው» አለ ዶክተሩ።

«አንተ ሌባ፣ ጣቴን መልስ!» አለኝ አያ ደምሌ፣ ሳቅን።

ቤቴ ገብቼ ግን፣ እጄ ጭኔ ላይ ተቀምጦ ሳለ የበሬ ቀንድ ይዳስሳል፣ እርፍ ይጨብጣል። «ታድለሃል፣ ቁጭ ብለህ ታርሳለህ» አለችኝ ሚስቴ ስነግራት።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አያ ደምሌ ቀረ። በዶክተሩ ደጅ ተራ ስጠብቅ አንድ የማላየው ሌላ አውራ ጣት መጥቶ ከግራ አውራ ጣቴ ተጠጋ፣ ቀኝ እጄ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው እኮ! ከዚያ ሁለቱ ጣቶች ላይ ክር ዞረባቸው፣ ጠበቀ። እኔ ስንቱን ሬሳ ገንዣለሁ፣ አውራ ጣቶቹን አጋጥሞ ማሰር ምን እንደሆነ አይጠፋኝም።

«ዶክተር፣ ክሩን ቁረጡልኝ!» ብዬ ገባሁ።

«የምን ክር? ግን ተሰማዎት? በደንብ?» ደስ ብሎት ባልደረቦቹን ጠራ።

ይፋግ ስደውል ልጁ «አባዬ ዐረፈ» ብሎ አለቀሰ። በማግሥቱ በሚኒባስ ስደርስ ቀብረው ድንኳን ገብተዋል። ንፍሮ ጨብጬ ተቀመጥኩ፣ ያን ጊዜ ነው ከጎን የታሰረው ጣት የተንቀሳቀሰው፣ ቀስ ብሎ፣ ክሩን እየገፋ።

«አውጡት! ደምሌ ጣቱን እያንቀሳቀሰ ነው!» ብዬ ተነሣሁ።

ቄሱ ትከሻዬን ይዘው «ይቀመጡ ጌታው፣ ኀዘኑ ነው፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉኝ፣ ልጁ ውኃ አመጣልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስቀልድ ኖሬ ያን ቀን ብምል ብገዘት ማን ይመነኝ? ጣቱ ይገፋል፣ ይገፋል፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ተወ።

ክሩ ግን ዛሬም አልላላም። ዶክተሩ በየቀጠሮው ዓይኔን አስጨፍኖ በጥጡ እየነካ «ይሰማዎታል?» ይለኛል፣ «ይሰማኛል» እለዋለሁ፣ ደስ ይለዋል።