የመጀመሪያው ቅል

ዶክተር ኢርማ ሳባላ ጠረጴዛዋ ላይ እንደተደፋች በመርዝ ሞታ ስትገኝ፣ ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ የምትጠጣበት ቅል ከእጇ አልወጣም ነበር። በፓይሳንዱ ከተማ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገዳዩን ለመጠቆም ማንም አልተቸገረም፤ የፈላውን ውሃ ያመጣው የስኪዞፍሬንያ ታማሚው ዊልማር ነበርና። ይህ ከጸና ዕድሜውን ሙሉ ከብረት በር ጀርባ ሊቀር ነው።

መርማሪዋ ኔሊዳ ፌሬይራ ግን ችኩል አይደለችም። ከዊልማር አጠገብ ተቀመጠች። ዓይኖቹ ደም ለብሰዋል።

«የመጀመሪያውን ሰጣት» አላት። «ኢርማም ይህንኑ ትነግረኛለች። ዝም አትልም።»

«እንቅልፍ ትተኛለህ ወንድሜ?»

«ሦስት ወር ሆነኝ በቅጡ ከተኛሁ። ማን ያምነኛል?»

የአዳር መዝገቡ በየቀኑ «ሌሊቱን ሙሉ ተኝቷል» ይላል። የኢርማ ማስታወሻ ግን ሌላ ነው። በዊልማር ደም ውስጥ ያለው የሰውነት መቆጣት ምልክት በየሳምንቱ ጨምሯል። ከሥሩ «ሌላ ሕመም የለበትም። እንቅልፍ ማጣትም እንዲህ ያደርጋል፤ አይተኛ ይሆን? መዝገቡስ የማን ቃል ነው?» ብላለች። ኔሊዳ ሟቿ ከኋላዋ ቆማ የምታነብላት መሰላትና ፈራች።

ዊልማርን፣ የአዳር መዝገቡን የሚጽፈውን አስታማሚ ኦሌጋሪዮንና በእንቅልፍ ሕክምናው ስሙ የገነነውን ዋና ሐኪም ቤሌዶን እዚያው ኢርማ ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ውሃው ንጹህ ነው፤ ኦሌጋሪዮ ከዚያው ፔርሙስ ጠጥቷል» አለች። «ቅጠሉም ሁላችሁ ከምትዘግኑበት ጣሳ ነው። መርዙ የተገኘው ቅሉ ውስጥ ብቻ ነው። ዶክተር፣ የቀዱት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ታዲያ?»

«እኛ አገር ማቴ የሚቀዳው ሰው የመጀመሪያውን ቅል ራሱ ይጠጣል። እናቴ ለጳጳስ እንኳ አላስቀደመችም። እርስዎ ለምን አስቀደሟት?»

«አክብሬያት ነው።»

«ዊልማር ከትናንት ጀምሮ የሚለው ይህንኑ ነው። እኛ ግን በሽታው መሰለን።»

ቀጥላ ስለ መዝገቡ ኦሌጋሪዮን ጠየቀችው። አንገቱን ደፍቶ፣ ሕክምናው ሠርቷል እንዲባል ቤሌዶ በየማለዳው እንደሚያስጽፈው፣ ኢርማም ደርሳበት ልታጋልጠው እንደነበር ተናዘዘ። ቤሌዶ አልካደም፤ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ኢርማ አሁን ዝም ትላለች?» አለ ዊልማር።

ኔሊዳ ክንዱን ይዛ እስከ አልጋው ሸኘችው።

በማግስቱ ጠዋት መዝገቡን ገለጠች። ኦሌጋሪዮ «ዊልማር አልተኛም» ብሎ ጽፏል። በሦስት ወር ውስጥ እዚያ መዝገብ ላይ የሰፈረ የመጀመሪያው እውነት ነበር።