የእንግሊዙ የውሸት መስኮት

ጠጋ ጠጋ በሉ። ነገሩ የሆነው ዱሮ ነው፣ አንድ መንደር ውስጥ። ሰዓቱ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። መንገዱ ወደ ጉብታው የሚወጣው፣ ሰው የማይሄድበት። ለምን አይሄድበትም? ጉብታው ላይ የእንግሊዙ ቤት ስላለ ነዋ!

ቤቱን እንደ አገሩ ባላባቶች ቤት በቀይ ጡብ ነው ያሠራው። ማዕዘኑ ነጭ ድንጋይ፣ የጭስ ማውጫው ከባሕር ዛፍ የሚረዝም። በግራ አራት መስኮት ካለ፣ በቀኝም አራት። ከኋላው ክፍል ባይኖርስ? ግድ የለውም! የመስኮት ቅርጽ ያወጣና ውስጡን በጡብ ይደፍነዋል። ምን ይሁን ብሎ? ግራና ቀኙ እኩል ይሁን ብሎ። እንግሊዙ ሞተ፣ ቤቱ ቀረ፤ መንፈሱም አብሮ ቀረ ይባላል።

ታዲያ ግንበኛው ጓንጉል አህያውን እየነዳ ብቻውን ወጣ። ምን ቆርጦት? እሑድ ልጁን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ዝናቡ ደግሞ የራሱን የጓንጉልን ቤት ግድግዳ ንዶበታል። የግንበኛ ቤት ፈርሶ ካዩ ልጅቷን ማን ይጠይቃል? ሚስቱ አስካለ፣ "ግድግዳው ካልቆመ አንተም እዚህ ቤት አትቆም!" ብላዋለች። መንፈስ ይፈራል፤ አስካለን ግን የበለጠ ይፈራል።

"የውሸት መስኮት ነው፣ ማን ያይበታል?" እያለ ከግራው መስኮት ጡብ መንቀል ጀመረ። አንድ ጡብ። ሁለት። ሦስት። የትንባሆ ሽታ መጣ። ማን ያጨሳል? ማንም የለም። አራት። አምስት። ጠጠሩ ላይ ኮሽ ኮሽ አለ። ዞር ቢል፣ ባርኔጣ። ባርኔጣ ብቻ! ከሥሩ ፊት የለ። ቀጥሎ የግንበኛ መለኪያ ቱንቢ ያንጠለጠለ እጅ መጣ። ቀጥሎ ረጅሙ እንግሊዝ፣ ሙሉውን።

"ስንት ነቀልክ?"

"አ... አምስት፣ ጌታዬ። እመልሳለሁ!"

"መልስ ማን አለህ? ከቀኙም አምስት ንቀል።"

ጓንጉል ከቀኙም አምስት ነቀለ። እንግሊዙ ለካ።

"የቀኙ በአንድ ጣት ሰፋ። ከግራ ጨምር።"

ጨመረ። ለካ።

"አሁን ደግሞ ግራው ሰፋ።"

እንዲህ ሲሉ ሲሉ ጡቡ ከግድግዳው ተርፎ ለአጥርም በቃ! ጓንጉል አህያውን ጭኖ እግሬ አውጪኝ አለ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ግድግዳው ቀጥ ብሏል። "ግንበኛ ማለት ይሄ ነው!" አሉ፤ ነገሩም ሰመረ። ጓንጉል ደስ ብሎት እንግዶቹን ሸኘና ሲመሽ ብቻውን ተመለሰ። በቀኙ በኩል ኮሽ አለ። እሱ አንድ ሲራመድ፣ ያም አንድ። እሱ ሲቆም፣ ያም ቆመ።

"ም... ምን ፈልገው ነው፣ ጌታዬ?"

"ብቻህን ጎደሎ ሆንክብኝ። አቻ ልሁንህ ብዬ ነው።"

እስከ ደጁ ሸኘው። ከዚያ ወዲያ ጓንጉል ያለ አስካለ ከቤት ወጥቶ አያውቅም።

እናንተም ብቻችሁን አትሂዱ! እሱ ጎደሎ ሲያይ አያስችለውም። እኔ ወሬ ስጀምር በግራዬ አምስት፣ በቀኜ አራት ነበራችሁ። እስቲ ተቆጠሩ።

በቀኜ... አምስተኛው ማነው?