ራውዳ ዝም ያለች ዕለት

በበልግ ወራት ደሴ ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ እየተንከባለለ ይወርድና እስከ ረፋድ ድረስ ሰፈሩን ውጦት ይቆያል። ዘምዘም በዚያ ሰዓት የምትሠራውን ሁሉ ዓይኗን ጨፍናም ልትሠራው ትችል ነበር። ከሰል ታቀጣጥላለች፤ ሻይ ትጥዳለች፤ ሰባት ዓመት የሞላትን ራውዳን እየጎተተች ታስነሳና ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታብሳታለች፤ ከዚያ ዓመት ከመንፈቅ የሆናትን ኢማንን አዝላ፣ ራውዳን ጉልበቶቿ መሀል አስቀምጣ ፀጉሯን ትጎነጉናለች። ራውዳ ታለቅሳለች፤ ኢማን እናቷ ጀርባ ላይ ሆና በእህቷ ለቅሶ ትስቃለች፤ ሻዩ ይገነፍላል። ባሏ እድሪስ ወደ ሚሌ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከቅዳሜና እሑድ በቀር ቤት አይገኝም። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ የሚኖሩበት፣ ሌላው ከኋላ ያለው፣ መስኮት የሌለው፣ እህልና ልብስ የሚቀመጥበት፣ ሁልጊዜ የከረጢትና የእርጥብ ጭቃ ግድግዳ ሽታ የማይለየው ጓዳ።

ከሁለት ዓመት በፊት ጉልበቶቿ መሀል ቀድማ የምትቀመጠው ሂክመት ነበረች።

ሂክመት የመጀመሪያ ልጇ ናት። ፀጉሯ ሲጎነጎን አታለቅስም፤ አፏን ዘግታ ቀስ ብላ ታንጎራጉራለች። ዳቦ ሲሰጧት ውስጡን በጣቷ እየቦረቦረች ትጨርስና ቅርፊቱን ባዶውን ሳህኑ ላይ ታስቀምጠዋለች። በግራ እጇ ትጽፋለች። እናቷን እማዬ ብላ ጠርታት አታውቅም፤ እንደ እኩያ ጓደኛ "ዘምዘሜ" ነበር የምትላት። በሰባት ዓመቷ ትኩሳት ያዛት፤ ሦስት ቀን ሐኪም ቤት ተኛች፤ በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ፣ እጇ በእናቷ እጅ ውስጥ እንዳለ ቀዘቀዘ። ዘምዘም ያን ጊዜ ኢማንን አርግዛ ነበር። ለቅሶ የመጡት ሴቶች ተራ በተራ ትከሻዋን እየነኩ፣ "አይዞሽ፣ ራውዳ አለችልሽ፤ ሆድሽም ባዶ አይደለም" ይሏት ነበር።

እውነትም ራውዳ አለች። ትሮጣለች፣ ትወድቃለች፣ ጥያቄዋ አያልቅም። "እማዬ፣ ጉም ይበላል? እማዬ፣ ጉም ማታ የት ነው የሚተኛው?" ዘምዘም ልጇን አትጠላትም። ታለብሳታለች፣ ታበላታለች፣ ስታስል ሌሊቱን ሙሉ ደረቷን ስታሽ ታድራለች። ነገር ግን ልብስ እያጠበች ወይም ሽንኩርት እየከተፈች የቀኑን ውሎ ስታስበው፣ ራውዳን ያቀፈችበት ጊዜ ትዝ አይላትም፤ ትዝ የሚላት የተቆጣችበት ብቻ ነው። ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ በልጅ ድምፅ ይሞላል፤ የእሷ ጆሮ ግን በዚያ ሁሉ ድምፅ መሀል የሚፈልገው ሌላ ነበር፤ ያንን ስላላገኘም ያለውን ድምፅ እንደ ስድብ ይቆጥረው ጀመር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ዘምዘም ከውጭ ውሃ ቀድታ ስትገባ ራውዳን ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። የሂክመትን የትምህርት ቤት ሹራብ ለብሳዋለች። ዘምዘም ያን ሹራብ ሂክመት ከሞተች ወዲህ አላጠበችውም፤ በፌስታል ጠቅልላ ጓዳ ውስጥ ደብቃ፣ ሰው በሌለበት እያወጣች ታሸተው ነበር፤ አንገትጌው ላይ ትንሽ የልጅ ላብ፣ ትንሽ የፀጉር ቅባት ቀርቶ ነበር። አሁን ከደረቱ እስከ ታችኛው ጠርዙ በስኳር ሻይ ርሷል።

"በርዶኝ ነው እማዬ፤ ሻዩ አምልጦኝ ነው" አለች ራውዳ።

ዘምዘም ሹራቡን ከልጅቷ ላይ ገፈፈችው፤ አንገትጌውን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ረጅም ትንፋሽ ሳበች። የሻይ ቅጠልና የቅርንፉድ ሽታ ብቻ ነው። ደጋግማ አሸተተች። ከዚያ ልጇን እያየች፣ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ "ምነው በእሷ ፈንታ አንቺን በወሰደልኝ" አለች።

ራውዳ አላለቀሰችም። አፏ ትንሽ ተከፍቶ እናቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ አንድ ከባድ ነገር ተረድታ አእምሮዋ ውስጥ እንደምታስቀምጥ ተማሪ ዓይኗን አልነቀለችም። ዘምዘም ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች፤ "አስተግፊሩላህ" አለች። ይቅርታ ግን አልጠየቀችም። ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች ብላ ትምህርት ቤት ሸኘቻት፤ በሩ ሲዘጋም የራውዳ እርምጃ ጉሙ ውስጥ እንደ ሌላው ቀን በሩጫ ሳይሆን አንድ ባንድ ሲርቅ ተሰማት።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ ራውዳ ዳቦዋን ተቀብላ ውስጡን በጣቷ ትቦረቡር ጀመር። እየቦረቦረች የእናቷን ፊት ታያለች። ቅርፊቱን ባዶውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። ዘምዘም ነገሩ ገብቷታል፤ ሕፃን ልጅ ለመወደድ ስትል እህቷን እየቀዳች እንደሆነ ገብቷታል፤ ያን ጊዜ ልጅቷን አቅፋ "ተይ እናቴ፣ እንደ ራስሽ ብዪ" ማለት ነበረባት። እሷ ግን ሳታስበው ፈገግ አለች። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ ፈገግታ ነበረች፤ ራውዳም አየቻት።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ጸጥ እያለ ሄደ። ራውዳ ፀጉሯ ሲጎነጎን ማልቀስ አቆመች። ሐሙስ ዕለት ደግሞ አፏን ዘግታ ማንጎራጎር ጀመረች፤ ዜማው ዘምዘም የረሳችው፣ አሁን ስትሰማው ግን እጇ ፀጉሩ ላይ እንዳለ የደረቀባት የሂክመት ዜማ ነበር። ራውዳ ያን ጊዜ የአራት የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሰምታ ይሆናል አለች ዘምዘም ለራሷ። ልጅቷ አንጎራጉራ ስትጨርስ ቀና ብላ፣ "ዘምዘሜ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?" አለቻት፤ ዘምዘምም ሰዓቱን ነገረቻት።

እድሪስ የዚያን ቅዳሜና እሑድ ጭነት ይዞት ሳይመጣ ቀረ። በሳምንቱ የራውዳ የክፍል ኃላፊ መምህርት ፀዳለ አስጠሩዋት። በዚያ ዓመት ወደ ትምህርት ቤቱ የተዛወሩ፣ ሂክመትን አይተዋት የማያውቁ ሴት ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ የራውዳን ደብተር ዘረጉላት። የፊተኞቹ ገጾች ላይ የራውዳ ትልልቅ፣ ከመስመር የወጡ ፊደላት አሉ፤ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ያሉት ግን ትንንሽ፣ ወደ ግራ ያዘነበሉና የተስተካከሉ ናቸው።

"የራውዳ እናት፣ ልጅቷ በግራ እጇ ነው አሁን የምትጽፈው" አሉ መምህርቷ። "እሱስ ግድ የለም። ግን ስሟን ጻፊ ስላት የምትጽፈው ይሄን ነው።" ጣታቸውን አሳረፉበት፤ ሂክመት እድሪስ ይላል። "ሂክመት ማናት?"

"ልጄ ናት" አለች ዘምዘም። ነበረች አላለችም።

ወደ ቤት ስትመለስ ጉሙ ከቀትር በኋላ እንኳ አልተነሳም ነበር፤ የአጥሩ ቆርቆሮ ላይ ጠል እየተጠራቀመ ይንጠባጠባል፤ ከየቤቱ የሚወጣው የማገዶ ጭስ መሄጃ አጥቶ መሬት ለመሬት ይሳባል። ልጅቷ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ዘምዘም አጠገቧ ሆና ምስር ትለቅማለች። ኢማን ቁራሽ ዳቦ ይዛ በእግሯ እየተንገዳገደች ወደ ጓዳው በር ሄደች፤ ግንባሯን በሩ ላይ ለጥፋ በስንጥቁ አየችና ሳቀች። ከዚያ ዳቦውን በበሩ ሥር እየገፋች፣ "ላውዳ፣ እንኪ" አለች።

ዘምዘም ከምስሩ ቀና አለች። አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ አልዞረችም። እርሳሱ በግራ እጇ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከበሩ ሥር የዳቦው ጫፍ ይታይ ነበር፤ በጣም ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ተሳበና ጠፋ።

"አይጥ ነው ዘምዘሜ" አለች ልጅቷ፣ መጻፏን ቀጥላ።

ቅዳሜ እድሪስ መጣ። ሁሌም ራውዳ የመኪናውን ድምፅ ስትሰማ መንገድ ድረስ ሮጣ ኪሱን ትበረብር ነበር፤ ዛሬ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው፤ ሲያጎነብስላትም ፊቷን የጃኬቱ አንገት ውስጥ ቀብራ አሸተተችው፤ ሂክመት ብቻ እንደምታደርገው። እድሪስ ልጅቷን ከላዩ ላይ አላቀቃት፤ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ሚስቱን ወደ ግቢው ይዟት ወጣ።

"ምን አድርገሻት ነው?"

"ምን አደረግኳት? አደብ ገዛች እንጂ።"

"ይሄ አደብ አይደለም። ራውዳ ብዬ ሦስት ጊዜ ጠራሁ፣ ዞራ አላየችኝም። ሂክመት ሞታለች ዘምዘም፤ በእነዚህ እጆቼ ነው አፈር ያለበስኳት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ኩታበር እናቴ ጋ እወስዳታለሁ። ከዚህ ቤት ትንሽ ወጣ ትበል።"

"ልጄን ከቤቴ አታወጣትም።"

"የትኛዋን ልጅሽን?" አላት እድሪስ።

ያ ሳምንት ለዘምዘም ረጅም ነበር። ቀን ቀን፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት በሆነችበት ሰዓት፣ ከጓዳው አፍንጫ የመሳብ ድምፅ ይሰማል፤ ብዙ አልቅሳ እንደደከማት ልጅ፣ ቆየት እያለ። ሁለት ጊዜ ሻማ ይዛ ገባች። ከረጢቶቹ፣ የልብስ ሻንጣው፣ የግድግዳው እርጥበት፤ ሌላ ምንም የለም። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ግን ከከረጢቶቹ ጀርባ፣ አንድ ልጅ ጉልበቷን አቅፋ ብትቀመጥ የምትሞላውን ያህል ቦታ አቧራው ተጠርጎ አየች፤ በእጇ ስትነካው ለብ ያለ ነበር። እዚያው ተንበርክካ፣ "ራውዳ?" ለማለት አፏን ከፈተች። ቃሉን ብትጠራው ሌላው ነገር ሁሉ እንደሚያበቃ፣ ነገ ጠዋት ዳቦው ሙሉውን እንደሚበላ፣ ፀጉሩ በለቅሶ እንደሚጎነጎን አሰበች። ሻማውን እፍ ብላ አጥፍታ ወጣች፤ በሩንም ከውጭ ቀረቀረችው።

አርብ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ልጅቷ መጥታ ራሷን የዘምዘም ጭን ላይ አስቀመጠች። ከልብሷ የዚያ ሻይ የፈሰሰበት ሹራብ የቀድሞ ሽታ ይመጣል፤ ትንሽ ላብ፣ ትንሽ የፀጉር ቅባት።

"ዘምዘሜ፣ ጫማዬን ለማንም አልሰጠሽብኝም አይደል?"

በዚያች በመጨረሻዋ ንጋት፣ ሐኪም ቤቱ ውስጥ፣ ሂክመት ከትኩሳቷ ነቃ ብላ "ጫማዬን ለማንም እንዳትሰጪብኝ" ብላት ነበር። ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም። ዘምዘም ለእድሪስም ቢሆን አልነገረችውም፤ ያን አንድ ነገር ለራሷ ይዛው ኖራለች።

"አልሰጠሁም የኔ እናት" አለች እያለቀሰች። "አልሰጠሁም፤ ለማን ብዬ?" በክንዶቿ አጥብቃ ያዘቻት፤ ልጅቷ እንደ ጉም ቀዝቃዛ ነበረች፤ ዘምዘም ግን አልለቀቀቻትም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጉሙ በሩ ድረስ መጥቶ ቆመ። እድሪስ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። ዘምዘም ኢማንን አስተኝታ፣ ውሃ አሙቃ፣ ሰፌድ የሚያህለውን ሰማያዊ ሳፋ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠች። ልጅቷ ገብታ ተቀመጠች። ዘምዘም ጀርባዋን በሳሙና ስታሽላት፣ ሂክመት ተወልዳ ገላዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠበቻት ዕለት የተሰማት ያው ፍርሃትና ያው ደስታ ተሰማት። ግራ እጇን ስታነሳላት፣ የእጅ አንጓዋ ላይ ትንሽ የቃጠሎ ጠባሳ አየች፤ ሂክመት በሦስት ዓመቷ ከሰል ማንደጃ ነክታ ያተረፈችው፣ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጠባሳ፣ የደረቀና ያረጀ። ሳመችው። ልጅቷም ፈገግ ብላ እጇን አንገቷ ላይ ጠመጠመችላት፤ እንዲህ ያቀፋት ልጅ ከሁለት ዓመት ወዲህ አልነበረም።

ከተቀረቀረው የጓዳ በር ኋላ አንድ ነገር እንጨቱን በጥፍር ጫረ፤ ከዚያ የልጅ ድምፅ፣ ከብዙ ለቅሶ የተነሳ የሰለለ፣ ማንንም እንዳያስቀይም የሚጠነቀቅ ድምፅ መጣ።

"እማዬ... እኔ ነኝ፣ ራውዳ። ከእንግዲህ አልረብሽም። እኔንም እጠቢኝ፣ በርዶኛል።"

ዘምዘም ሰማች፤ ማሰሮውን አነሳችና የቀረውን ሙቅ ውሃ፣ አንድ ጠብታ ሳታስተርፍ፣ ከፊቷ በተቀመጠችው ልጅ ላይ አፈሰሰችው።