ያልተጠረገው መንፊያ

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ በአንዲት የፈረንጅ አገር፣ አሮጌው ንጉሥ ሞተው ልጃቸው ዘውድ ሊጭኑ ሽር ጉድ በሚባልበት በጋ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው የብርጭቆ መሥሪያ ቤት እቶን ቀን ከሌት አይጠፋም ነበር፤ ለንግሡ ድግስ የሚቀርበው ዋንጫ ሁሉ ከዚያ እንዲወጣ ታዟልና። የቤቱ ጌታም ሥራው አንድ ቀን ቢጓደል ብርጭቆ ነፊዎቹን አባርረው ሌላ እንደሚቀጥሩ በሠራተኛው ፊት ተናግረዋል።

ዋንጫ የሚነፋው በሦስት ሰው እስትንፋስ ነው። የእቶኑ አለቃ ቅልጡን ብርጭቆ በረጅሙ የብረት መንፊያ ጫፍ ጠቅልለው ያወጡና የመጀመሪያውን ትንፋሽ ይሰጡታል፤ ሳይቀዘቅዝ ሁለተኛው ተቀብሎ ሆዱን ይነፋዋል፤ ሦስተኛው አንገቱን ያወጣለታል። መንፊያው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ መጥረግ ታላቅ ነውር ነበር፤ የጠረገ ሰው የባልንጀራውን አፍ ተጸየፈ ማለት ነው። አንድ እንግዳ ነፊ ሳያውቅ በእጅጌው ቢጠርገው፣ ከዚያ ወዲያ የሚያቀብለው አጥቶ ጓዙን ጠቅልሎ ሄዷል። ደግሞም ነፊዎቹ አፋቸውን ያምኑት ነበር፤ ባያምኑት ነው የሚገርመው። በአፍ ውስጥ ያለው ስስ እርጥብ ሥጋ ቢቃጠል፣ ምራቅ እያጠበው ከእጅ ቁስል ቀድሞ ይሽራል፤ ፈጣሪ በደጅ ያቆመው ዘበኛ ነው። የእቶኑ ወላፈን ግን ያንን ዘበኛ አድርቆ ይሰነጥቀዋል፤ በስንጥቁ ምን ሊገባ እንደሚችል የጠየቀ አልነበረም።

ሁለተኛው ነፊ በደረቱ ስፋት «ሳንባው» ይባል ነበር። የአለቃውን ልጅ አግብቶ፣ ከብዙ ዓመት መካንነት በኋላ ያን ሰሞን ሴት ልጅ ወልዷል። አንድ ጧት አለቃው ሲስቁ ከታችኛው ከንፈራቸው ውስጥ እንደ ወተት ስልባቦት የነጣ ቁስል አየ። ወላፈን ለብልቦኝ ነው አሉ። በምሳ ሰዓት ግን ኮምጣጤ የገባበትን ውሃ ፊታቸውን ሳያጨማድዱ ጨለጡት፤ የቃጠሎ ቁስል ደግሞ ኮምጣጤ አይችልም። ሳንባው በወጣትነቱ ከወታደር ጋር ስለኖረ የማያም ቁስል ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ቂጥኝ ነው። ሚስታቸው የሞተችባቸው አለቃ አልፎ አልፎ ወደ ወደቡ ሴቶች ጎራ እንደሚሉም አይጠፋውም። መንፊያው በእጁ ገባ፤ ለአንድ አፍታ አመነታ፤ ከዚያ ሳይጠርግ ነፋ። ፈሪ ሆኖ አይደለም፤ እሳት የማይፈራ ሰው ነበር። አማቱን በሰው መሐል ማሳፈር ግን ከእሳት በለጠበት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው ነጭ ነገር በራሱ አፍ ወጣ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ሳንባውም ይህን ብሂል አምኖ ለማንም ሳይናገር ከቤቱ ቀረ። ዋንጫ በሚጠቀለልበት የጭድ መጋዘን ያድር ጀመር፤ ለሚስቱም ሥራ በዝቷል ብሎ ላከባት። አልፎ አልፎ ከደጃፍ ቆሞ ልጁን ያያታል እንጂ አያቅፋትም፤ ሚስቱ ስትዘረጋለት እጁን ወደ ኋላ ይሰበስባል። ጎረቤት ደግሞ ሥራ ፈት አይደለምና፣ ሌላ ሴት ይዟል ተባለ፤ እርሷም አልቅሳ ለአባቷ ነገረች።

አለቃው ወደ ጭድ መጋዘኑ መጡ። «ልጄን እንዲህ ታዋርዳታለህ?» አሉት። «ምን በደለችህ?»

«አባባ፣ የከንፈርዎ ቁስል ያምዎታል?»

«አያመኝም» አሉ ሽማግሌው።

«የኔም አያመኝም።» ከንፈሩን ገልብጦ አሳያቸው። «ቤት የማልገባው ለዚህ ነው። ሕፃኗን እንዳልስማት ብዬ ነው።»

አለቃው ጭዱ ላይ ተቀመጡ። «እኔ እኮ በየማታው እየሄድሁ እስማታለሁ» አሉ። «አንተ ስለጠፋህባት።»

የፈራው አልቀረም። በሕፃኗ አፍ ዳርና ዳር ቁስሉ ወጣ፤ ስትጠባም የእናቷን ጡት አቆሰለችው። ወሬው ሲሰማ የቤቱ ጌታ ሐኪም አስመጡ፤ ሐኪሙም በግቢው ውስጥ፣ ሠራተኛው ሁሉ በቆመበት፣ ሕፃኗንና እናቷን አይቶ ቂጥኝ ነው አለና ማን እንዳመጣው ጠየቀ። መንፊያው አስተላለፈው ከተባለ ሥራው ይቆማል፤ ሥራው ከቆመ የሁሉም እንጀራ ያልቃል። ሁሉም አለቃውን አየ።

«አማቼ ከቤቱ ከወጣ ሰንብቷል» አሉ አለቃው መሬት መሬት እያዩ። «የት እንደሚያድር እኔ አላውቅም።»

ሳንባው የአለቃው አፍ ይታይ ብሎ ለመነ። ጌታው ግን የንጉሥ ዋንጫ የሚሠራ ሰው እንደ ገበያ በቅሎ በአደባባይ ጥርሱ አይታይም አሉ፤ ከነፊዎቹም አንዳንዱ ሳቀ። በእያንዳንዱ አፍ ምን እንዳለ ራሱ ባለ አፉ እንጂ ማን ያውቃል፤ እንዲከፍት የታዘዘም አልነበረም። ያን ጊዜ ሳንባው ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ የራቃት ለእርሷና ለልጃቸው ሲል እንደነበር ነገራት።

«ንጹሕ ሰው ከቤቱ ይሸሻል?» አለችው፤ ሕፃኗን አቅፋ ከአባቷ ኋላ ቆመች።

በዚያው ቀን ተባረረ። ሕፃኗ አዲሱ ንጉሥ ዘውድ ከመጫናቸው በፊት ሞተች፤ ወደ ቀብሯም አላስጠጉትም።

ዓመታት አልፈው፣ ሐኪሞች ደዌው በመንፊያ እንደሚተላለፍ መርምረው ጻፉ፤ ነፊ ሁሉ በአፉ በኩል የሚሰካው የየራሱ የመንፊያ ጫፍ ይኑረው ተባለ፤ ታሪክም ሐኪሞቹን በስማቸው አመሰገነ፤ ይገባቸዋል። ከመንፊያ ስለ ተለከፉት ግን የሐኪሞቹ ድርሳን ከቁጥራቸው በቀር የያዘው የለም፤ ሳንባውም ከቁጥሩ ውስጥ ስለመኖሩ የሚመሰክር አልተገኘም። ሚስቱ ድርሳኑ ሲጻፍ በሕይወት አልነበረችም፤ አባቷን እስከ መጨረሻው አስታማ፣ በክብር ቀብራ፣ ባሏን እንደረገመች ሞታለች።