ሰው የሌለበት ቤት

የታፈረ መዝገብ እንዲህ ይላል፦ «ቤት ቁጥር 614። በሦስቱም ቀጠሮ በሰዓቱ ተገኝቻለሁ። ሰው የለም።»

ከበሩ ሥር ተገፍቶ የወጣው ወረቀት ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ግድግዳው ላይ ቀጠሮ በተጻፈልኝ በሦስቱም ቀን ወንበሬን በሩ ሥር አስጠግቼ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። እባካችሁ፣ አየሩ እየከበደኝ ነው።»

ታፈረ መፍቻውን ቧንቧው ላይ እንዳሳረፈ ቀረ። ሥራው የአየር ማሽን ጥገና ነው። ከገሞራ ከተማ የመስታወት ጣሪያ ውጭ ያለው አየር ሳንባ ያቃጥላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት የሚተነፍሰው በግድግዳው ውስጥ በተቀበረ ማሽን ነው። ሦስት ቀጠሮ ያሳለፈ ቤት እንደ ባዶ ይቆጠርና አየሩ ለሌሎች ይዛወራል። ዛሬ የመጣው ሊዘጋው ነበር።

«ሐያት፣» አለ በጆሮ ማዳመጫው ለስምሪት ሠራተኛዋ፣ «614 ውስጥ ሰው ያለ ይመስለኛል።»

«በረኛውን ጠይቀዋ!»

በረኛ ማለት ቤቱን ወክሎ ለመጪው የሚመልስ የበሩ አእምሮ ነው። ታፈረ እንደ ወትሮው የእጅ አምባሩን ወደ በሩ አስጠጋ። አምባሩም እንደ ወትሮው «ሰው የለም» የሚል ጽሑፍ አበራ።

«አላልኩህም? ዝጋውና ቶሎ በል፤ ገና ዘጠኝ ቤት አለብህ።»

ታፈረ ወረቀቱን ደግሞ አነበበው። ከዚያም በሰባት ዓመት ሥራው አንድም ቀን ያላደረገውን አደረገ። በሩን በጡጫው እየመታ ጮኸ፦

«ቤቶች!»

«አቤት!»

መልሱ የመጣው ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ርቀት፣ ከበሩ ማዶ ነበር። ወንበር ተንቋቋና በሩ ተከፈተ። ትንፋሽ ያጠራቸው አሮጊት ነበሩ፤ እማማ ብርነሽ።

«ምነው ልጄ፣ አፍ የለህም? ‹ቤቶች› የሚል ሰው ስጠብቅ ልሞት!»

«እዚሁ ቆሜ ነበር፣ እማማ። በረኛው ሰው የለም አለኝ።»

«ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ?»

ታፈረ ማጣሪያውን በጥድፊያ ለወጠ፤ በረኛውንም ከፍቶ መረመረ። አልተበላሸም። ሰው የሚቆጥረው በድምፅ ነበር፤ ዘጠና ቀን ንግግር ያልሰማበትን ቤት ባዶ ይለዋል።

«እማማ፣ ከሰው ጋር አያወሩም?»

«ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ከማን ጋር? ከግድግዳ ጋር እንዳላወራ አላበድሁ!»

ታፈረ እማማ ብርነሽ ሲጠብቁት በከረሙበት ወንበር ላይ ተቀመጠና መዝገቡን ወደ ኋላ ገለበጠ። ሰው የለም፤ ተዘጋ። ሰው የለም፤ ተዘጋ። አርባ አንድ በር፣ ሁሉም በእሱ ፊርማ።

«ምን ሆንክ? ፊትህ አመድ መሰለ እኮ» አሉት እማማ ብርነሽ።

«ታፈረ?» አለች ሐያት። «ዘጋኸው? ቀጣዩ ደንበኛ እየጠበቀህ ነው።»

ታፈረ ተነሣ።

«የዛሬ ቀጠሮዎቼን ሰርዢ፤ ደንበኞቹን እኔው ራሴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የመጨረሻውን ቤት የዘጋሁት ትናንት ነው። ከእሱ ጀምሬ አርባ አንዱም በር ላይ ‹ቤቶች!› ብዬ እጣራለሁ። አቤት የሚለኝ ባይኖርም፣ ሰብሬ እገባለሁ።»