ማን አብሮህ አለ?

ከኦሪ ጋር መጀመሪያ የተገናኘነው የአባቱን ሞት ልነግረው ገብቼ ነው። አልነገርኩትም። በዚህም ፈተና ወደቅሁ። መውደቄ አናደደኝ እንጂ አላሳፈረኝም፤ ይህን ከወዲሁ ልናገርና ልገላገል።

እዚህ እስራኤል የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን የምሠለጥን ሐኪም ነኝ። የእኛ ብቃት በወረቀት ብቻ አይመዘንም። አንድ ክፍል ያስገቡናል፤ አልጋው ላይ ልቡ የቆመ አሻንጉሊት ተኝቷል፤ ከመስተዋቱ ጀርባ መዛኛችን ዶክተር ኔታ ተቀምጠው ያያሉ። ያን ቀን ደረቱን ተጫንኩ፣ መድኃኒት አዘዝኩ፣ ነርሶቹን መራሁ። እዚያ ላይ እንከን አልተገኘብኝም። አሻንጉሊቱ እንዲሞት አስቀድሞ ስለተወሰነ ሞተ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄጄ ለልጁ መንገር ነበረብኝ።

ልጁን ሆኖ የሚተውነው ወጣት እንደ እኔው ቤተሰቡ ከኢትዮጵያ የመጣ ነው፤ ረጅም፣ ትልልቅ ዓይኖች ያሉት። መሀል ወለል ላይ ብቻውን ቆሟል።

«ተቀመጥ» አልኩት በዕብራይስጥ። «ማን አብሮህ አለ?»

«ማንም።»

«ወንድም የለህም?»

«አለኝ።»

«ጥራው። እስኪመጣ እዚሁ ነኝ።»

እኛ ቤት መርዶ በር ላይ ቆሞ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይጠራል፣ ሊነጋጋ ሲል ተያይዞ ይኬዳል። ባለ መርዶው ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ራሱ ይገባዋል፤ ሲወድቅም የሚይዘው እጅ አያጣም። ብቻውን ለቆመ ሰው «ሞተ» ብሎ መወርወር ነውር ነው። ስለዚህ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ውሃ ሰጠሁት፣ ዓይኔን ዝቅ አድርጌ ወንድሙን ጠበቅሁ። በፈተና ውስጥ የሚመጣ ወንድም የት አለ? ደወሉ ተደወለ። ሰዓቱ አለቀ፤ ቃሉ ከአፌ አልወጣም።

ቀና ስል ወጣቱ ያለቅሳል። ጎበዝ ተዋናይ ነው አልኩ በልቤ።

«ሙሉወርቅ፣ በእጅሽ ሥራ የሚስተካከልሽ የለም» አሉኝ ዶክተር ኔታ። «ግን ሰውየው አባቱ ይሙት ይኑር ሳያውቅ ቀረ። ዓይኑን እንኳ አላየሽውም። ይህን ክፍል ወድቀሻል። ሲደገም ከወደቅሽ ሥልጠናው ይቋረጣል።»

«ብቻውን ነበረ!»

«ድንገተኛ ክፍል የሚመጣ ሁሉ ብቻውን ነው።»

«መሆን የለበትማ!»

ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ለታላቅ ሰው እንደዚያ መልሼ አላውቅም።

ያን ማታ ወደ ቤቴ የምመለስበት ባቡር ቂርያት ጋት ሲቆም ያው ወጣት ከሌላ ፉርጎ ወረደ።

«ዶክተር! ሬጋ፣ አንዴ ቁሚ!» እየሮጠ ደረሰብኝ። እዚሁ የተወለደ ስለሆነ አማርኛው ትንሽ ይሰበራል። «ኦሪ እባላለሁ። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ እዚያ የምተውነው በእረፍት ቀኔ ነው።»

«በደንብ ታለቅሳለህ።»

«ትወና አልነበረም።» ሰው እስኪያልፍ ጠበቀ። «አባቴ የሞተ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። በስልክ ነገሩኝ። አባትህ ሞቷል፣ መጥተህ ፈርም፣ በቃ። አጠገቤ አንድ ሰውዬ ሱፍ እየፈለፈለ ይበላ ነበር። ማን አብሮህ አለ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ዛሬ አንቺ ጠየቅሽኝ።»

ባቡሩ ሄደ፣ ጣቢያው ባዶ ቀረ፣ እኛ ግን አልተንቀሳቀስንም። ወደድኩት። አንድ ሰው ይህን ያህል ቶሎ አይወደድም የሚለኝ ካለ መጥቶ ይከራከረኝ።

ከዚያ ወዲህ እዚያው ከተማ ካርሜ ጋት ሰፈር፣ ከሚኖርበት ፎቅ ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር መለማመጃችን ሆነ። እሱ ባለ መርዶ ይሆናል፤ እኔ ሐኪም።

«ዓይኔን እዪኛ» ይለኛል።

«ነውር ነው።»

«ሽማግሌ መሰልኩሽ?»

አየሁት። ሐኪምነቱም ፈተናውም ከራሴ ጠፋ። እሱም ምን ሊለኝ እንደነበር ረሳ።

«ያላ፣ ንገሪኝ» አለ በመጨረሻ።

«አባትህ…» አልቻልኩም። «ለምትወደው ሰው እንዴት ይነገራል?»

መውደዴን የነገርኩት እንዲህ፣ ሳላስበው ነው። ፊቱ በራ፤ ወዲያው ግን ኮስተር አለ።

«ሙሉ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪ። የፈተናሽ ቀን ቃሉን ጠብቄ ነበር። ደወሉ ተደውሎ ሳልሰማው ወጣሁ። ቤቴ ገብቼም እየጠበቅኩ ነበር። መጠበቁም ያማል፣ ናኮን፣ አይደለም እንዴ?»

ተቆጣሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እውነቱን ነበር።

ድጋሚው ፈተና ሲቃረብ፣ ማታን የሚባል አብሮኝ የሚሠለጥን ሐኪም ጠራኝ። «ያ ተዋናይ ጓደኛሽ ዶክተር ኔታ ቢሮ ነበር። ስምሽን ሲያነሳ ሰማሁ።»

ደሜ ፈላ። ከባቡር እንደወረድኩ በቀጥታ ወደ እሱ ሄድኩ።

«ማን ላከህ? በሰው ልመና የማልፍ መሰለህ?»

«ሙሉ፣ ስሚኝ…»

«አልሰማም! እኔ የማልፈው በራሴ ነው። ካላለፍኩም በራሴ እወድቃለሁ!»

ጀርባዬን ሰጥቼው ሄድኩ። አልተከተለኝም። ቢከተለኝ እሰድበው ነበር፤ ስላልተከተለኝም ሰደብኩት።

በድጋሚው ፈተና የጠበቀችኝ ኤሊያና የምትባል ተዋናይ ናት። እናቷ ሞታለች።

«ተቀመጪ። ማን አብሮሽ አለ?»

«ማንም። እህቴ ሩቅ ናት።»

«ደውዪላት። ድምፁን ክፈቺው፤ አብራሽ ትስማ።»

ኤሊያና እንዲህ ያለ ትእዛዝ አልጠበቀችም፤ ስልኳን አውጥታ የምትደውል መሰለች። ደወሉ ተደወለ። ሰዓቱ ማለቁ ነው፤ አልተነሳሁም። እጇን ያዝኩ፣ ዓይኗን አየሁ።

«እናትሽ ሞታለች። ልናተርፋት የቻልነውን ሁሉ አደረግን፤ ሞተች። እኔ አለሁ።»

በሩ ተከፈተ። ዶክተር ኔታ ነበሩ።

«ሰዓትሽ አልፏል።»

«አውቃለሁ። ከፈለጉ ይጣሉኝ። ነገም ሌላ ቢመጣ፣ የማነጋግረው እንዲሁ ነው። እርስዎ ብቻዎን ቢቆሙስ ምን ይወዱ ነበር?»

ዞረው ኤሊያናን አዩ። ኤሊያና አሁንም እጄን አልለቀቀችም ነበር።

«አልፈሻል» አሉ በመጨረሻ። «ቃሉን ተናገርሽ፤ ብቻዋንም አልተውሻትም። ግን ልብ በይ፣ ደወሉ እኔን ለማስደሰት አይደለም የሚደወለው። በሚቀጥለው አልጋ ሌላ ሕመምተኛ አለ።»

«በእሱ ልክ ነዎት» አልኩ። ልክ ለሆነ ሰው እጅ መስጠት አይከብደኝም።

ልወጣ ስል ጠሩኝ። «ያ ኦሪ የሚባለው ልጅ ሥራውን መልቀቁን ነግሮሻል? የማፈቅራት ሠልጣኝ አለች፣ ከእንግዲህ እዚህ መተወን አይገባኝም አለኝ። ስምሽን ጠርቶ። አንዲት ቃል እንኳ ስለ ውጤትሽ አላነሳም።»

የባቡሩ መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም።

ኦሪ አግዳሚው ላይ የተማሪዎቹን ደብተር ያርማል። ሲያየኝ ተነሳ። ፊቴን አይቶ ደነገጠ።

«ወደቅሽ?»

«ተቀመጥ» አልኩት።

ተቀመጠ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ማን አብሮህ አለ?»

«ማንም። ሙሉ፣ ምን ሆነሻል?»

«ለእናትህ ደውል። ድምፁን ክፈተው፤ አብረው ይስሙ።»

ስልኩን አውጥቶ ደወለ። እሳቸውም ወዲያው አነሱት። «አቤት ልጄ?»

ዓይኔን ዝቅ አላደረግኩም። በቀጥታ አየሁት።

«ፈተናውን አልፌያለሁ። አንተን ግን በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። አሁን ዋናውን ስማ፤ ላገባህ ነው። ሽማግሌ መላክ የወንድ ወግ መሆኑን አውቃለሁ። ላክ ወይም ተው፣ እኔ ግን ነግሬሃለሁ።»

ኦሪ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ደብተሮቹ መሬት ላይ ተበተኑ፤ ማንም አላነሳቸውም።

«ኦሪ!» አሉ እናቱ በስልኩ፣ ድምፃቸው ተጨንቆ። «ምንድን ነው የምሰማው? ማን አብሮህ አለ?»

እጄን ፈልጎ ያዘ።

«ሙሉወርቅ» አለ። «ሙሉወርቅ አብራኝ አለች፣ እማዬ።»