የተዘለለችው ሬሕማ

«ጓደኛሽን ትተሽ እኔን ሰረዝሽኝ፤ አይደል?»

ናርዶስ ይህን ያለችው በክፍሉ ልጆች ሁሉ ፊት ነው። ልደት ደብተሮቿን ቦርሳ ውስጥ እየጠቀጠቀች ቀና አለች።

«እኔ ምን አገባኝ? ኮምፒውተሩ ነው የሰረዘሽ። ኮምፒውተር ደግሞ ዘመድ የለውም።»

ልጆቹ ሳቁ። ናርዶስ ግን አልሳቀችም። ወባው ገና ከፊቷ አልለቀቀም ነበር። «ሬሕማ ከእኔ የበለጠ ቀርታለች። ይኸው ዛሬም የለችም» ብላ ወጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡሪ ሰፈር ውስጥ ለስምንተኛ ክፍል ልጆች የክረምት የኮምፒውተር ሥልጠና በነፃ ተገኝቷል። ከሦስት ቀን በላይ ከትምህርት የቀረ ግን አይገባም ተባለ። ቲቸር ዘማርያም ስም ማጣራቱን ለልደት ሰጧት። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ስትጀምር «ኢንጂነር» ብለው የሰየሟትም እሳቸው ናቸው፤ እሷም ስሙን አልጠላችውም። የጻፈችው ፕሮግራም የስም ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ይዞራል፤ ብዙ የቀረ ሲያገኝ ይሰርዝና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ቀይ የስህተት ጽሑፍ አላወጣም፤ ልደትም መልሳ አላየችውም። የሬሕማ ስም መትረፉን ስታይ ደስ አላት እንጂ እንዴት ተረፈ ብላ አልጠየቀችም።

ልደት ወደ ቤቷ ስትመለስ የተሳፈረችበት የጀብራ ሃፍላ፣ ያው አውቶቡሱ፣ እንደ ልማዱ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ከልደት ፊት፣ መስኮቱ ጋ፣ ጀላቢያ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ሒሳብ የሚሰበስበው ኩምሳሪ ከፊት ጀምሮ ወንበር በወንበር እየመጣ የሳቸውን ተቀበለ። ሽማግሌው ወዲያው ጣታቸውን አጩኸው አስቆሙና ወረዱ። ልደት ነፋስ ፍለጋ እመር ብላ ቦታቸው ላይ ተቀመጠች። ኩምሳሪው ወደ ኋላ ቀጠለ፤ እሷ የተነሳችበትን ባዶ ወንበር ዓይቶ አለፈና የሚቀጥለውን ሰው ጠየቀ። ወደ ፊት ዞር እንኳ አላለም።

በነፃ መሄዷ ነው። ፈገግ አለች።

ለምን አላየኝም? አለች በሆዷ። የሽማግሌውን ወንበር ጨርሷላ። እሱ የሚቆጥረው ወንበር እንጂ ሰው አይደለም። አንዱ ሲወርድ ከኋላው ያለው ቦታውን ከያዘ...

ፈገግታዋ ደረቀ። በዝርዝሩ ላይ ሬሕማ ያለችው ከናርዶስ ቀጥላ ነው። ናርዶስ ስትሰረዝ ሬሕማ አንድ ቦታ ከፍ ብላ የሷን ወንበር ያዘች። ፕሮግራሙ ደግሞ ያን ወንበር ጨርሷል፤ ሬሕማን ሳያያት ወደሚቀጥለው አለፈ።

መውረጃዋ ደረሰ። አልወረደችም። ኩምሳሪውን ጠርታ ሒሳቧን ሰጠችውና እስከ ጀብራ ሄደች።

የሬሕማ እናት መሪማ የምትሠራበት ቤት ትልቅ ግቢ አለው፤ እናትና ልጅ የሚኖሩትም እዚያው ግቢ ጥግ ባለች ክፍል ነው። ሬሕማ የራስ ሻሿን፣ ጠርሃዋን፣ አንገቷ ላይ ጠምጥማ በረንዳውን ታጥባለች።

«ኢንጂነር፣ ምን እግር ጣለሽ?»

«ስምሽ ያለፈው በስህተት ነው። የኔ ስህተት።» ልደት የሃፍላውን ነገር ሳታስቀር ነገረቻት።

ሬሕማ የውሃውን ቱቦ ዘጋች። «እኔም ገርሞኝ ነበር። አልሐምዱሊላህ ብዬ ዝም አልኩ።»

«የቀረሽው እኮ ስድስት ቀን ነው።»

«ሁሉም ሐሙስ ነው። ሐሙስ ማታ የማዳም ዘመዶች ይሰበሰባሉ፤ ቤቱ ይሞላል። እማ ብቻዋን አትችለውም። ስህተቱን ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። ዝም ብትዪስ?» አለች።

ልደት ይህንኑ እዚያው ሃፍላ ላይ አስባው ነበር። «ናርዶስ በወባ ነው የቀረችው» አለች።

ከኩሽና የመሪማ ድምፅ መጣ። «ሬሕማ፣ ያላ! እንግዶቹ እኮ ሊደርሱ ነው።»

«መጣሁ እማ።»

«ለቲቸር እነግራቸዋለሁ» አለች ልደት። «ሁለታችሁም ለምን እንደቀራችሁ ጭምር።»

«ቢሰርዙኝስ?»

«ሊሰርዙሽ ይችላሉ።» ሌላ ጊዜ ቀልድ የማያልቅባት ልጅ አሁን አንድ ቀልድ ፈልጋ አጣች።

ሬሕማ ቱቦውን መልሳ ከፈተችው። ሳሙናውን ከደረጃው ላይ አጥባ አወረደች።

«ነገ ዓርብ ነው፤ ትምህርት የለም። ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሰልፍ በፊት በሩ ላይ ጠብቂኝ» አለች። «አንቺ ነገር ማሳመር ትወጃለሽ። የሐሙሱን እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ልደት ቦርሳዋን ደረቅ ቦታ ፈልጋ አስቀመጠች። ጫማዋን አወለቀችና ግድግዳው ላይ የተደገፈውን መጥረጊያ አነሳች።